ፀሐዩ ነፃ ነው፣ ገንዘቡስ? ስለ ታዳሽ ኃይል ፋይናንስና ስለ መንግሥት ፖሊሲ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«የመብራት ሂሳብ ለምን ጨመረ?» ከሚለው ጀምሮ «እነዚያ የፀሐይ ጣቢያዎች የት ደረሱ?» እስከሚለው ድረስ፣ በታዳሽ ኃይል ዙሪያ የሚነሱ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው ገንዘቡን ማን ያመጣል፣ ነገሩ ሲበላሽስ ዕዳው በማን ትከሻ ላይ ያርፋል ወደሚለው ይመጣሉ። መልሶቹ ያተኮሩት በኢትዮጵያ ላይ ነው። ጎረቤት አገር የተጠቀሰው የምንማረው ነገር ስላለ ብቻ ነው።

ፀሐይና ነፋስ በነፃ ከሆኑ ከእነሱ የሚገኘው መብራት ለምን ይህን ያህል ገንዘብ ይፈልጋል?

ነዳጅ ስለማይገዛለት ወጪው ሁሉ መጀመሪያ ላይ ይከመራል። የናፍጣ ጄኔሬተር ሲገዙት ርካሽ ነው፤ ገንዘብ የሚበላው ቆይቶ፣ በየጊዜው በሚሞላለት ነዳጅ ነው። የነፋስ ተርባይን ወይም የፀሐይ ጣቢያ የሚተክል ሰው ግን የሃያ ዓመት ወጪውን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ያወጣል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጥገና፣ ጥበቃና የሠራተኛ ደመወዝ ነው። ያን ያህል ገንዘብ በእጁ ያለው የለም፤ ስለዚህ ይበደራል። የመብራቱን ዋጋ በዋናነት የሚወስነውም የብድሩ ወለድ ይሆናል።

በቁጥር እንየው። ለስሌት እንዲመች 100 ሜጋዋት የፀሐይ ጣቢያ በ100 ሚሊዮን ዶላር ተሠራ እንበል፤ ገንዘቡ በሙሉ ብድር ሆኖ በ20 ዓመት በእኩል ክፍያ ይመለስ። ወለዱ 4 በመቶ ከሆነ በዓመት 7.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይከፈላል። 12 በመቶ ከሆነ 13.4 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል። ጣቢያው በዓመት 175 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ቢያመነጭ፣ ለብድሩ ብቻ በአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ላይ በመጀመሪያው 4.2፣ በሁለተኛው 7.7 የአሜሪካ ሳንቲም ይጫናል ማለት ነው። ፀሐዩም፣ ፓኔሉም፣ መሬቱም አልተለወጠም። የተለወጠው አበዳሪው ገንዘቤ ይመለሳል ብሎ ምን ያህል ያምናል የሚለው ነው። ያንን እምነት የሚገነባውም የሚያፈርሰውም ደግሞ በአብዛኛው የመንግሥት ፖሊሲ ነው።

ታዲያ የመንግሥት ድርሻ ምንድን ነው? ገንዘብ መስጠት?

ገንዘብ መስጠት ትንሹ ድርሻው ነው። በኢትዮጵያ ከዋናው መስመር ጋር ለሚገናኝ ኃይል ትልቁ ገዢ መንግሥት ነው። የቀድሞው መብራት ኃይል በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የማመንጨቱንና የማስተላለፉን፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ ለደንበኛ የማከፋፈሉን ሥራ ይዘዋል። ፈቃድ የሚሰጠውና ታሪፍ የሚመረምረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። የውጭ ምንዛሪውን ሕግ የሚያወጣው ብሔራዊ ባንክ፣ ዋስትና የሚፈርመው ገንዘብ ሚኒስቴር ነው። አንድ ባለሀብት ነፋሱን ለክቶ፣ መሬቱን አይቶ ቢመጣ እንኳ ከእነዚህ ሁሉ አንዱ ካልተንቀሳቀሰ ባንክ አያበድረውም።

ሕጉ ባለመኖሩ የቆመ ሥራ ነው ማለት ግን አይቻልም። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006፣ የጂኦተርማል ሀብት ልማት አዋጅ ቁጥር 981/2008፣ የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ወጥተዋል። ችግሩ ያለው ከአዋጁ በኋላ ባለው መንገድ ላይ ነው።

እስካሁን የተሠሩት የነፋስ ጣቢያዎች በማን ገንዘብ ተሠሩ?

በመንግሥት ስም በተወሰደ የውጭ ብድር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ፤ ብድሩ ኮንትራክተሩንና ማሽኑን ይዞ ይመጣል። መቀሌ አጠገብ ያለው 120 ሜጋዋቱ የአሸጎዳ ጣቢያ በፈረንሳይ የልማት ኤጀንሲና በቢኤንፒ ፓሪባ ባንክ ብድር ሲሠራ፣ ተርባይኖቹ የፈረንሳዮቹ የቨርኜና የአልስቶም ነበሩ። የአዳማ አንድ (51 ሜጋዋት) እና የአዳማ ሁለት (153 ሜጋዋት) አብዛኛው ገንዘብ ከቻይና ኤግዚም ባንክ መጣ፤ ከናዝሬት ወጣ ሲሉ ኮረብታው ላይ ተደርድረው የሚታዩት ተርባይኖችም የጎልድዊንድና የሳኒ፣ ማለትም የቻይና ናቸው። አሰላ ላይ ደግሞ ዴንማርክ ስትመጣ ተርባይን አምራቹ ሲመንስ ጋሜሳ አብሮ መጣ።

ይህ በራሱ ነውር የለውም። ወለዱ ከገበያው ይቀላል፣ የእፎይታ ጊዜም አለው። ዋጋው ግን በነፃ ውድድር ስላልተፈተነ ርካሽ ወለድ የተገኘበት ጣቢያ ራሱ ውድ ሊሆን ይችላል። ዕዳውም ሙሉ በሙሉ የአገር ዕዳ ነው፤ ነፋሱ ቢነፍስም ባይነፍስም ይከፈላል።

የህዳሴ ግድብ ገንዘብ ከየት መጣ? በእርግጥ በሕዝብ መዋጮ ተሠራ?

ግድቡ የመሠረት ድንጋዩ ከተጣለበት ከመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ተመረቀበት እስከ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ ዓለም አቀፍ አበዳሪ ተቋማት አልገቡበትም። ግብፅ በምትቃወመው የዓባይ ፕሮጀክት ላይ እጁን የሚያስገባ ትልቅ አበዳሪ አልተገኘም። ስለዚህ 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨው ግድብ በአገር ውስጥ ገንዘብ መሠራት ነበረበት።

የሕዝቡ ተሳትፎ እውነት ነው። የመንግሥት ሠራተኛው የአንድ ወር ደመወዙን በየወሩ ከፋፍሎ እያስቆረጠ ቦንድ ገዝቷል። ተማሪው፣ ሊስትሮው፣ ገበሬው፣ በየአረብ አገሩ በሰው ቤት የምትሠራው እህታችን ከላይዋ ቀንሳ አዋጥታለች። በድምር ከ20 ቢሊዮን ብር በላይ ሆኗል። ይህ ግን ከጠቅላላው ወጪ አነስተኛው ክፍል ነው፤ ትልቁ ገንዘብ የመጣው ከመንግሥት የባንክ ብድር ነው። ሁለቱንም አብሮ መናገር ለሕዝቡ ክብር ነው እንጂ ማቃለል አይደለም።

በዚያው ዘመን ሌላም ነገር ነበር። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ባንኮች ከሚሰጡት ከእያንዳንዱ ብድር 27 በመቶ የሚሆን የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ታዘዙ። ገንዘቡ መንግሥት ቅድሚያ ለሰጣቸው ሥራዎች በልማት ባንክ በኩል እንዲውል ነበር። መመሪያው የተነሣው በ2012 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት ባንክ ቤት ብድር ጠይቆ የተመለሰ ነጋዴ ሳያውቀው የአገሪቱን ትልልቅ ፕሮጀክቶች ፋይናንስ ካደረጉት አንዱ ነው። ቦንድ የገዛውም እንደዚያው፤ የአገር ውስጡ ቦንድ ወለድ 6 በመቶ ገደማ ሲሆን በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ገንዘቡ በቁጥር ቢመለስም የመግዛት አቅሙ ተበልቷል። ይህም ራሱ አስተዋፅኦ ነው፤ በየትኛውም የመዋጮ ዝርዝር ላይ ግን አልተመዘገበም።

አሜሪካ ሆኜ ቦንድ ገዝቼ ነበር፤ የዋሽንግተኑ ጉዳይ ምን ነበር?

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የግድቡ ቦንድ በአሜሪካ ከተሞች በስብሰባና በኤምባሲ በኩል ይሸጥ ነበር። በአሜሪካ ሕግ ቦንድ ለሕዝብ ከመሸጡ በፊት በአገሪቱ የዋስትና ሰነዶች ኮሚሽን መመዝገብ አለበት፤ ይህ አልተደረገም። ኮሚሽኑ በሰኔ 2008 ዓ.ም. ባሳወቀው ውሳኔ መሠረት፣ ቦንዱን የገዙ ከ3,100 በላይ የአሜሪካ ነዋሪዎች ነበሩ፣ ከእነሱ የተሰበሰበውም ወደ 5.8 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ወለዱን ጨምሮ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመክፈል ተስማማ።

ማጭበርበር ነበር የሚል ክስ አልነበረም፤ የምዝገባ ጉድለት ነበር። ይሁን እንጂ የወረቀት ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። ምዝገባው የሚጠይቀው ሻጩ ዕዳውን፣ ገቢውንና ሥጋቱን ለገዢው በጽሑፍ እንዲገልጥ ነው። ይህንን ማንኛውም ቦንድ ገዢ፣ አዲስ አበባም ይሁን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሊያገኘው የሚገባ ነገር ነው። ለወደፊቱ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ሆነው የኢትዮጵያን ሰነድ ለመግዛት የሚያስቡ ሰዎች መጀመሪያ መጠየቅ ያለባቸው «ሽያጩ ባለሁበት አገር ሕግ ተመዝግቧል ወይ?» ብለው ነው።

ታዲያ የግል ኩባንያዎች ለምን ገንዘባቸውን አምጥተው አይሠሩም? ጨረታ ወጥቶ ነበር አይደል?

ወጥቶ ነበር፤ ውጤቱም ያስደሰተ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በአፋር ዲቼቶ እና በሶማሌ ክልል ጋድ ላይ ለሚሠሩ ሁለት የ125 ሜጋዋት የፀሐይ ጣቢያዎች በወጣው ጨረታ የሳዑዲው አክዋ ፓወር በኪሎዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም አቅርቦ አሸነፈ። በአፍሪካ ከተሰሙት ዋጋዎች ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ ነበር። የዓለም ባንክ ቡድን የጨረታ ሰነዱን በማዘጋጀት አግዟል። ከዚያ ቀደም ብሎ የመተሐራውን 100 ሜጋዋት የጣልያኑ ኤኔል አሸንፎ ነበር። ጨረታው ግን ጣቢያ አልሆነም።

ምክንያቱን ለመረዳት ያንን 2.526 ሳንቲም በብር እየመነዘርን እንከተለው። ጨረታው ሲወጣ ዶላር 29 ብር አካባቢ ስለነበር ዋጋው 73 ሳንቲም ነበር። ዶላር 57 ብር ሲገባ 1 ብር ከ44 ሳንቲም ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብር እየወረደ ሄዷል፤ ዶላር 130 ብር ሲሆን ያው ዋጋ 3 ብር ከ28 ሳንቲም ይሆናል። ኩባንያው አንዲት ሳንቲም አልጨመረም፤ የገዢው ወጪ ግን ከአራት እጥፍ በላይ አደገ። ገዢው ደግሞ ከደንበኞቹ የሚሰበስበው ብር ነው።

ስለዚህ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛ፣ ብር ሲወርድ ልዩነቱን ማን ይከፍላል? ሁለተኛ፣ ብሩ ቢኖር እንኳ ዶላሩ ይገኛል? ነጋዴው ለኤልሲ (ባንክ ለውጭ ዕቃ ግዥ ለሚከፍተው የክፍያ ሰነድ) ወራት ሲሰለፍ በነበረበት ዘመን የውጭ አበዳሪ ሁለተኛውን ጥያቄ ደጋግሞ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ባለሀብቶች ብሔራዊ ባንክ ክፍያቸው በዶላር እንደሚወጣላቸው በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ፈለጉ፤ ባንኩ ደግሞ ያልያዘውን ዶላር ለ20 ዓመት ቃል መግባት ከበደው። ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ላይ አገሪቱ የ33 ሚሊዮን ዶላር የዩሮ ቦንድ (በውጭ ገበያ በዶላር የሸጠችው ቦንድ) ወለድ ሳትከፍል ስትቀር ደግሞ የአበዳሪዎቹ ሥጋት ቁርጥ ሆነ።

በእኔ እምነት የምንዛሪ ማሻሻያው ከባድ ሕመም ቢያመጣም ለዚህ ዘርፍ ሊመጣ የሚገባው ነገር ነበር። ነገር ግን ዶላር ባንክ ውስጥ መታየቱ ብቻውን በቂ አይደለም። የኃይል ግዥ ውሉ ከዶላር ጋር መታሰሩ እስካልቀረ ድረስ ሥጋቱ ከባለሀብቱ ወደ መብራት ከፋዩ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም።

መንግሥት ሥጋቱን ይውሰድና ባለሀብት ይምጣ ቢባልስ?

ኬንያ ይህን መንገድ ሄዳለች። የቱርካና ሐይቁ የነፋስ ጣቢያ 365 ተርባይኖችና 310 ሜጋዋት ይዞ እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ አለቀ። መንግሥት ሊሠራው የሚገባው ረጅም የማስተላለፊያ መስመር ግን ኮንትራክተሩ ከስሮ ስለነበር አልደረሰም፤ ኃይሉ ወደ መስመር የገባው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ አካባቢ ነው። ተርባይኖቹ ቆመው ነፋስ ሲያልፍባቸው፣ መንግሥት ላልተጠቀመበት ኃይል በውሉ መሠረት በቢሊዮን የሚቆጠር ሽልንግ ከፈለ።

ይህ ዓይነቱ አንቀጽ «ውሰድ ወይም ክፈል» ይባላል። ያለ እሱ ባንክ አያበድርም፤ ከእሱ ጋር ደግሞ የመንግሥት መዘግየት ወዲያው ሂሳብ ይሆናል። ለእኛ የሚሆነው ትምህርት ግልጽ ነው። ውል ከመፈረሙ በፊት መስመሩና ሰብስቴሽኑ በማን፣ በምን ገንዘብ፣ እስከ መቼ እንደሚያልቅ መታወቅ አለበት። ውሉም ለሕዝብ ይፋ ይሁን። የሃያ ዓመት ዕዳ የሚያስገባ ሰነድ በሚስጥር የሚያዝበት በቂ ምክንያት አይታየኝም።

የመብራት ታሪፍ መጨመሩ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ቀጥታ ያገናኘዋል። ታሪፉ ከ1998 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ እስከ 2011 ዓ.ም. አልተነካም ነበር። በ2011 ዓ.ም. ሲጨምር እንኳ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤተሰብ የሚከፍለው በአንዱ 27 ሳንቲም ነበር። ከላይ የጠቀስነውን ርካሽ የፀሐይ ዋጋ፣ 73 ሳንቲሙን፣ ከዚህ ጋር ያስተያዩት። ገዝቶ ከመሸጫው በላይ የሚከፍል ድርጅት ውል ቢፈርም ማን ያምነዋል? ልዩነቱ ለዓመታት የተሸፈነው ከመንግሥት ባንክ በመበደር ነበር፤ ያ ዕዳ ተከምሮ በ2013 ዓ.ም. ከሌሎች የመንግሥት ድርጅቶች ዕዳ ጋር ወደ ዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተዛወረ። መጨረሻ ላይ የሚከፍለው ግብር ከፋዩ ነው፤ በአገሪቱ ካለው ሕዝብ ግማሽ የሚሆነው ደግሞ መብራት እንኳ የለውም። ማለትም ጨለማ ውስጥ ያለው ሰው መብራት ያለውን ሰው ይደጉም ነበር።

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. የጀመረው አዲሱ ታሪፍ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እየጨመረ ይሄዳል። ጭማሪው አስፈላጊ ነው የምለው ኑሮው የከበደው ሰው የለም ብዬ ሳይሆን፣ ድጎማው ያለቦታው ይውል ስለነበር ነው። ድሃው ቤተሰብ ግን መጠበቅ አለበት። በተለይ ብዙ ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙበት ግቢ ፍጆታው ተደምሮ ከፍተኛው የዋጋ እርከን ውስጥ ስለሚገባ፣ አንድ አምፖል ያላት ጉልት ቸርቻሪ እንደ ባለ ቪላ ትከፍላለች። ቆጣሪ ለየብቻ ማስገባትን ቀላልና ርካሽ ማድረግ ከየትኛውም ድጎማ ይልቅ ይረዳታል።

የእንፋሎት ኃይል (ጂኦተርማል) ለምን አልተስፋፋም?

ስምጥ ሸለቆው ሀብታም ነው፤ ቁፋሮው ግን ሎተሪ ነው። አንድ ጉድጓድ ሚሊዮኖች ዶላር ይፈጃል፣ ደረቅ ሊሆንም ይችላል፤ ባንክ ደግሞ እንፋሎቱ ሳይታይ አያበድርም። የአሉቶ ላንጋኖ የሙከራ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ቢኖርም አቅሙ 7 ሜጋዋት ገደማ ነው። የኮርቤቲና የቱሉ ሞዬ የግል ውሎች እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ተፈርመው ዝግ ብለው ነው የሄዱት። የመጀመሪያዎቹን ጉድጓዶች ወጪ መንግሥትና ለጋሾች ካልተጋሩት ፍጥነቱ አይለወጥም።

እኛ ሳይበራልን ለምን ለጎረቤት ይሸጣል?

ዶላር ስለሚያስገባ ነው። ለጅቡቲ ከ2003 ዓ.ም.፣ ለኬንያ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ይሸጣል። የኬንያው መስመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን በ500 ኪሎቮልት እስከ 2,000 ሜጋዋት ማስተላለፍ ይችላል፤ ለጊዜው የሚሸጠው ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። የቢትኮይን አምራቾች መብራት እንዲገዙ የተፈቀደውም በዚሁ ምክንያት ነበር፤ በኋላ ለአዳዲሶች በሩ ተዘግቷል።

ቁጭቱ ተገቢ ነው። ሆኖም ብዙው መንደር ያልበራለት የሚያመነጨው ኃይል ስለጠፋ አይደለም፤ ምሰሶው፣ ትራንስፎርመሩና ሽቦው ስለሌለ ነው። ለእነዚህም ዶላር ያስፈልጋል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ከሽያጩ የሚገኘው ዶላር ምን ያህሉ ወደ ገጠር መስመር ዝርጋታ እንደሚመለስ ነው። ይህ በሕግ ተወስኖ ቢቀመጥ ክርክሩ ግማሹ ይበርድ ነበር።

መስመር የማይደርስበት ገጠር ያለ ቤተሰብ ወይም ገበሬ ሶላር በብድር ማግኘት ይችላል?

ይችላል፤ ግን በየቦታው እኩል አይገኝም። በ2011 ዓ.ም. የተከለሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ከሕዝቡ 35 በመቶ የሚሆነውን በሶላርና በአነስተኛ የአካባቢ መስመሮች ለማዳረስ አቅዶ ነበር። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ከዓለም ባንክ በመጣ ገንዘብ ለሶላር አስመጪዎች በቀጥታ፣ ለቤተሰቦች ደግሞ በማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት በኩል ያበድራል። አስመጪው ብድሩን ቢያገኝም የውጭ ምንዛሪ እየጠበቀ ዕቃው የሚዘገይባቸው ዓመታት ነበሩ፤ ዞሮ ዞሮ እዚህም ዶላሩ ነው።

ለመስኖ ገበሬ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። መቂና ዝዋይ አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ ለዓመታት በናፍጣ ፓምፕ ሲያጠጣ የኖረው መንግሥት ናፍጣውን ስለሚደጉምለት ጭምር ነበር። የሶላር ፓምፕ ቢቀርብለትም ሂሳቡ አያዋጣውም ነበር። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሣ ሂሳቡ ተገለበጠ። ፓምፑን በአንድ ጊዜ ለመግዛት ግን ገንዘብ የለውም፤ ማይክሮ ፋይናንሱ ደግሞ በየወሩ ክፈል ይለዋል። ገበሬ በየወሩ ገቢ የለውም። ክፍያው ከምርት መሰብሰቢያ ጋር ሲገጥም፣ ፓምፑ ራሱ መያዣ ሲሆን ነው ብድሩ የሚሠራው።

ብድር ከመፈረምዎ በፊት ሻጩን የሚከተለውን ይጠይቁ፦ የፓኔሉና የባትሪው ዋስትና ለየብቻው ስንት ዓመት ነው? ባትሪው ከብድሩ ቀድሞ ቢሞት ማን ይተካል? በአቅራቢያዎ ጠጋኝ አለ? ጥራታቸው ለተረጋገጠ የሶላር ዕቃዎች የቀረጥ ነፃ መብት ተሰጥቷል፤ ዋጋው ውስጥ ቀረጥ ተካቷል ከተባሉ ለምን ብለው ይሞግቱ። መልሱንም በቃል ሳይሆን ደረሰኙ ጀርባ ላይ በማኅተም ይቀበሉ።